ፍሎሪዳ ቤት ለምትገዙ አዲስ ገቢዎች፦ የንፋሱን ኢንሹራንስ ነገር

ሰላም ወገኖቼ፣ ታምፓም ኦርላንዶም በቅርብ ገብታችሁ ቤት ልንገዛ ነው የምትሉኝ ብዙ ናችሁ፣ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ የሞርጌጁን ወለድ ነው፣ ኢንሹራንሱን ግን ማንም አያነሳውም፣ እዚህ ስቴት ሰው የሚጎዳው ደግሞ በሱ ነው።

መጀመሪያ ዲዳክቲብሉን እዩ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት እናንተ ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን። ለሀሪኬን (ለከባዱ አውሎ ንፋስ) ለብቻው የተጻፈ ዲዳክቲብል አለ፣ ብዙ ጊዜ 2 ፐርሰንት ነው፣ የሚሰላው ግን ከጉዳቱ ሳይሆን ቤቱ ኢንሹራንስ ከተገባለት ጠቅላላ ብር ላይ ነው። 300 ሺ ዶላር ከሆነ የመጀመሪያው 6 ሺ ከናንተ ኪስ ነው የሚወጣው። እኔ ይሄን ያወቅኩት ጣሪያዬ ካፈሰሰ በኋላ ነው፣ ሳሎን ኮርኒሱ ላይ ሲኒ የምታክል ቡናማ ነገር ታየችኝ፣ ይደርቃል ብዬ ተውኳት፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰፌድ አከለች።

እናንተ እንደዛ እንዳታደርጉ፣ ሕጉ ጥብቅ ሆኗል። ዲሴምበር 2022 ገዥው ዴሳንቲስ የፈረሙት ሕግ ክሌም (ለኢንሹራንሱ የሚቀርብ የካሳ ጥያቄ) የማስገቢያውን ጊዜ ከ2 ዓመት ወደ 1 ዓመት አወረደው። ኢንሹራንስ ካምፓኒው በበኩሉ በ60 ቀን ውስጥ ወይ ይከፍላል ወይ አልከፍልም ይላል፣ ድሮ 90 ነበር። ድሮ ከሳችሁ ካሸነፋችሁ የጠበቃውን ወጪ ኢንሹራንሱ ይችል ነበር፣ አሁን ያ ቀርቷል፣ ስለዚህ ፎቶና ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ያዙ።

ከንፋሱ ማግስት በር እያንኳኳ "ጣሪያሽን በነፃ እንሰራለን፣ እዚች ጋ ብቻ ፈርሚ" የሚል ይመጣል፣ ታብሌት ይዞ፣ በጣም ትሁት ሆኖ። በጭራሽ እንዳትፈርሙ! ከጃንዋሪ 1፣ 2023 ወዲህ በወጣ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) የክሌም መብታችሁን ለኮንትራክተር ማስተላለፍ አይቻልም፣ ዲዳክቲብሉን እኔ እችልልሻለሁ ማለቱም ራሱ በሕግ ክልክል ነው።

የግል ኢንሹራንስ ካምፓኒዎች አንሸፍናችሁም ካሏችሁ ስቴቱ ያቋቋመው ሲቲዝንስ የሚባል ኢንሹራንስ አለ፣ ግን አንድ የግል ካምፓኒ ከሲቲዝንስ ዋጋ ከ20 ፐርሰንት በላይ ያልበለጠ ዋጋ ከሰጣችሁ ሲቲዝንስ አዲስ ደንበኛ አድርጎ አይቀበላችሁም።

ሌላው ጎርፍ ነው፣ የቤት ኢንሹራንስ ንፋሱን እንጂ ከመሬት የሚገባውን ውሃ አይሸፍንም፣ ለብቻው ነው የሚገዛው። የፌደራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ በአብዛኛው ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ 30 ቀን በኋላ ነው፣ የሀሪኬን ወቅት ጁን 1 ስለሚገባ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ጨርሱት።