ላሽ ከወጣባችሁ ዳቦ ለመተው አትቸኩሉ

እህቴ ፀጉሬን ስታበጥርልኝ ነው ያየችው፤ ከጆሮዬ ከፍ ብሎ ሳንቲም የምታክል ልሙጥ ክብ ቦታ። አያሳክክም፣ አይላጥም። ዳር ዳሩን ብቻ ከሥራቸው የቀጠኑ አጫጭር ፀጉሮች ከበውታል። የቆዳ ሐኪሙ በማጉያ መነጽር አይቶ ላሽ መሆኑን ነገረኝ፤ የሰውነቴ መከላከያ የገዛ ፀጉሬን ሥር እያጠቃ ነው።

ላሽና ሴሊያክ አንድ ሰው ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ። የጣሊያን ሐኪሞች ይህን እ.ኤ.አ. በ1995 ጽፈውታል። ሴሊያክም ያው የመከላከያው ስህተት ነው፤ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲበላ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ይጎዳል። እኔ ይህን እንዳነበብኩ ሳልመረመር ስንዴ የነካውን ሁሉ ተውኩ። ከወራት በኋላ ለሴሊያክ ስመረመር የደም ውጤቴ ነጻ ሆነ። ግን ምን ዋጋ አለው? ምርመራው የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም መከላከያው የሚያመርተው ፕሮቲን፣ ግሉተን ሲቀር አብሮ ይወርዳል። ሐኪሜ አዝዞኝ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ዳቦ በላሁ፤ ሆዴ እየተነፋ፣ ማታ ማታ እንቅልፍ እያጣሁ። ሁለተኛው ውጤት ከፍ ብሎ ወጣ።

እባካችሁ፣ እየበላችሁ ተመርመሩ። ቲቲጂ አይጂኤ የሚባለውን የሴሊያክ የደም ምርመራ ከጠቅላላው አይጂኤ ጋር ጠይቁ፤ አይጂኤ አንዱ የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ነው፤ ጠቅላላው በተፈጥሮው ያነሰበት ሰው ታሞም ነጻ ሊመስል ይችላል። ከፍ ካለ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ ከአንጀት ናሙና ይወሰዳል፤ እስከዚያ ዳቦውን አትተዉ። በዚያው ደም ብረትና ታይሮይድም ይታይላችሁ። ለፀጉር ብላችሁ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን የምትውጡ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ የታይሮይዱን ውጤት ያዛባል።

ፀጉራችሁ በክብ ሳይሆን ከመላው ራስ እየሳሳ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። በሴሊያክ የታመመ አንጀት ብረት በደንብ አይመጥጥም፤ የብረት እጥረት ደግሞ ፀጉር ያረግፋል። ይህ ብረቱ ሲሞላ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ሴሊያክ ከተረጋገጠ ግሉተን የሚተወው ለዕድሜ ልክ ነው፤ ለአንጀት ሲባል። ላሹን ያድናል ብሎ ቃል የሚገባላችሁን አትመኑ። አንዳንዱ ይበቅልለታል፣ አንዳንዱ አይበቅልለትም፤ ትንሽ ላሽ ደግሞ ምንም ሳይደረግለትም ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ የቆዳ ሕክምናውን አታቋርጡ። እኔም የስቴሮይድ መርፌ እየወሰድኩ ስለነበር የቱ እንዳበቀለው አልናገርም። መጀመሪያ ነጭ፣ እንደ ጥጥ የሳሳ ፀጉር ብቅ አለ፤ ጥቁሩ ቆይቶ መጣ።

ሴሊያክ ከታማሚው ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት መካከል ሌላ ሰውም ላይ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ያችን ቦታ ያየችልኝን እህቴን ዳቦዋን ሳትተው ለምርመራ ይዣት ሄድኩ።