የድሮ መኪናዎን ዲስትሪቢዩተር የሚያድስ አስተማማኝ ባለሙያ ጅማ ላይ እንዴት ያገኛሉ?

ጅማ ውስጥ ቮልስ፣ ላንድሮቨር ወይም ፔጆ 404 የሚነዳ ሰው ዲስትሪቢዩተሩ (ብልጭታውን ለሲሊንደሮቹ በየተራ የሚያድለው ዕቃ) ሲያረጅበት ዘወትር የሚሰማው ምክር «ኮንታክት ፖይንቱን (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳውን መገናኛ) ቀይረው» የሚል ነው። በነዚህ መኪኖች ዕድሜ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽንግ ነው። እሱ ሳይነካ የተመለሰ ዲስትሪቢዩተር ታደሰ አይባልም። ስለዚህ ከመፍታቱ በፊት የሚለካ ሰው ይፈልጉ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ ይለዩ። የጅማ ክረምት ለዲስትሪቢዩተር ክዳን ክፉ ነው፤ እርጥበት የገባበት መኪና ጠዋት አልነሳ ይላል። ክዳኑን አውልቀው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉና ውስጡን ፀሐይ ላይ ይመልከቱ። በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካዩ ብልጭታው መንገዱን ስቷል ማለት ነው፤ ክዳኑን መቀየር ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ሞተሩ በጠፋበት ሮተሩን (ዘንጉ ጫፍ ላይ ተሰክቶ የሚዞረውን ክፍል) ነቅለው የዘንጉን ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙና ወደ ጎን ያወዛውዙት። ደህና ዘንግ በጎን ሲገፉት አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ሲገፉት የፖይንቱ ክፍተት ሲሰፋና ሲጠብ በዓይን ከታየ ግን ቡሽንጉ አልቋል። የቮልስ የፖይንት ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚህ ጠባብ ልክ ላይ ትንሽ ንቅናቄ ብትጨመር አንዱ ሲሊንደር ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይቀጣጠላል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር ዲስትሪቢዩተሩ 8,000 ብልጭታ ያድላል፤ መኪናው ዳገት ላይ የሚደክመውና ቤንዚን የሚበላው ያ ስሕተት በየብልጭታው ስለሚደገም ነው።

ቀጥሎ ሰው ማፈላለግ ነው። ዛሬ ጋራዥ የሚገባው አብዛኛው መኪና ዲስትሪቢዩተር የለውም፤ ስለዚህ ወጣት መካኒክ ይህን ሥራ ባያውቅ አይፈረድበትም። ፖይንት እያስተካከሉ ያደጉ አንጋፋ ባለሙያዎችን ያጠያይቁ። ከሁሉ በላይ ግን የድሮ መኪና ባለቤቶችን «ያደሰልህ ማን ነው? ከዚያ ወዲህ ክረምቱን እንዴት አለፈ?» ብለው ይጠይቁ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሜካኒካል ምህንድስና የሚያስተምር የሚያውቁት ሰው ካለም ያማክሩ፤ በትክክል የሚሠራ ቶርኖ ቤት ሊጠቁምዎ ይችላል።

ባለሙያውን ሲያገኙት ስለ ዋጋ ከማንሳትዎ በፊት «ጋሼ፣ የዘንጉን ንቅናቄ እንዴት ያስወግዱታል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «በዘንጉ ልክ አዲስ የነሐስ ቡሽንግ በቶርኖ አስወጣለታለሁ፤ ዘንጉም ተበልቶ እንደሆነ መጀመሪያ እለካዋለሁ» ከሆነ ደህና እጅ ላይ ነዎት። «ግራሶ እንጨምርበታለን» ካለ አመስግነው ይሂዱ። ስለ ሞላዎቹም ይጠይቁ። የብልጭታውን ጊዜ ከፍጥነቱ ጋር የሚያስቀድሙት ክብደቶች በሁለት ሞላ ይያዛሉ፤ በብዙ ዲስትሪቢዩተሮች የሁለቱ ጥንካሬ ሆን ተብሎ የተለያየ ነው። «አንድ ዓይነት አደርጋቸዋለሁ» የሚል ሰው የሞተሩን ጠባይ ያበላሻል። ቫክዩም (በሞተሩ የመሳብ ኃይል የብልጭታውን ጊዜ የሚያስቀድም ክፍል) ካለው ቱቦውን ስቦ ዲያፍራሙ (ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን) አየር መያዝ አለመያዙን ሲፈትን ማየት አለብዎት። ገላው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ሳይጠየቅ የሚያነብ ባለሙያ ደግሞ ልብ ያሳርፋል፤ በብዙ የቦሽ ዲስትሪቢዩተሮች ላይ በ0 231 የሚጀምረው ቁጥር ትክክለኛው ዕቃ የሚለይበት ነው።

ዲስትሪቢዩተሩ ሲነቀል አንደኛውን ሲሊንደር ማቀጣጠያው ላይ አምጥተው፣ ሮተሩ የሚያይበትን አቅጣጫ ምልክት አድርገው፣ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩን ማንም እንዳያዞረው።

ጅማ ላይ የሚያረካ ሰው ከታጣ መኪናውን ይዘው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አያስፈልግም። ዲስትሪቢዩተሩን ብቻ በጨርቅ ጠቅልለው አዲስ አበባ ለሚያምኑት ሰው ይላኩ፤ ዕቃ ቢጎድል ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። «ይሄን ትተህ ሌላ ልስጥህ» የሚል ልውውጥ ግን አይቀበሉ። የሌላ ሞተር ዲስትሪቢዩተር ልኩ ቢገጥምም ጊዜው አይገጥምም።

ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የሚሠራውን በወረቀት ያስፍሩ፤ ቡሽንግ፣ ፖይንት፣ ኮንደንሰር፣ ሞላ እያሉ አንድ በአንድ። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስልዎም ይዋዋሉ።

ቀሪውን የሚከፍሉት ከፈተሹ በኋላ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ታይሚንግ ላይት (ከብልጭታው ጋር እየበራ ጊዜውን የሚያሳይ መብራት) ይብራበት፤ የሞተሩ ፑሊ ላይ ያለው ምልክት አንድ ቦታ ረግቶ መታየት አለበት። ወዲያ ወዲህ ከዘለለ ቡሽንጉ አሁንም ልል ነው። ቤንዚን ሲሰጡት ምልክቱ ሳይንቀጠቀጥ ይሄዳል፣ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። የቮልስ ድዌል (ፖይንቱ ተዘግቶ የሚቆይበት የዘንጉ ዙር) ከ44 እስከ 50 ዲግሪ መሆኑንም ያስለኩ። ከዚያ ባለሙያውን ጎን አስቀምጠው ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ይውጡ፤ ሞተሩ ሳያንኳኳና ሳይንተፋተፍ መጎተት አለበት።

አዲስ ፖይንት ከካሙ (ፖይንቱን ከሚከፍተው የዘንጉ ጉብታ) ጋር እስኪላመድ ክፍተቱ ይጠባል። ስለዚህ ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና እንዲያስተካክልልዎ ቀኑን ያኔውኑ ያስይዙ፤ ካሙ ላይ ስስ ቅባት እንዲያደርግም ያስታውሱት።