ሀዋሳ ላይ የፖለቲካ ዘገባን የሚያበላሹ የሥነ ምግባር ስህተቶች

የፖለቲካ ዘገባ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በአንድ ምክንያት ነው፦ ውሳኔው ቀድሞ ይወሰንና መርሁ ኋላ ይፈለግለታል።

ከወገን መጀመር። ጋዜጠኝነት የተማረ ሁሉ የሚያውቀው የፖተር ሳጥን፣ ማለትም የሥነ ምግባር ውሳኔን ደረጃ በደረጃ የሚያስኬድ ዘዴ፣ አራት ክፍል አለው፤ ተራውም እውነታ፣ እሴት፣ መርህ፣ በመጨረሻ ታማኝነት (ለማን እንወግናለን የሚለው) ነው። በተግባር ግን ሳጥኑ ከመጨረሻው፣ ከታማኝነት፣ ይከፈታል። «ይሄ የኛን ሰዎች ይጎዳል?» ከተባለ በኋላ ለመልሱ የሚስማማ ፈላስፋ አይጠፋም፤ መደበቅ የፈለገ በብዙኃን ጥቅም ስም ሚልን፣ ማጋለጥ የፈለገ በእውነት ስም ካንትን ይጠራል። አራቱንም ክፍሎች እያንዳንዳቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ፣ የፓርቲውን ስም በተቀናቃኙ ስም ተክቶ ማንበብ ይበጃል። ውሳኔው ከተለወጠ መርህ አልነበረም።

ሚልን በግማሽ መጥቀስ። «ሐሳብ ነጻ ነው» የሚሉት ሰዎች ፈላስፋው ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 የሰጠውን ምሳሌ ይዘሉታል። እህል ነጋዴዎች ድሃውን ያስርባሉ የሚል ሐሳብ በጋዜጣ ሲወጣ ሊነካ አይገባም፤ ያው ቃል በነጋዴው ደጅ ለተሰበሰበ የተቆጣ ሕዝብ ሲነገር ግን ሊያስቀጣ ይችላል። ጤፍ በተወደደ ሰሞን ገበያ መሀል ቆሞ ላይቭ የሚገባ ሰው ያለው ሁለተኛው ቦታ ላይ ነው። ሱቁ ከነታፔላው ይታያል፣ ኮመንት ላይ አንዱ የባለሱቁን ብሔር ይጽፋል፤ ከሲዳማ ክልልነት ጥያቄ ጋር የተነሳውን የሐምሌ 2011ን ሁከት ላየች ከተማ ቀጣዩን መንገር አያስፈልግም። ቪዲዮው ይቀረጽ፣ ግን ሰዉ እስኪበተንና ነጋዴውም መልስ እስኪሰጥ ይቆይ፤ ሲወጣም ታፔላው ይሸፈን። ብሔር የሚጠቀሰው ያለ እሱ ዜናው ትርጉም ካጣ ብቻ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ለተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱን ያከብዳል፤ «እኔ ያን ያህል የለኝም» ብሎ መጽናናት ግን ከንቱ ነው፣ ከዚያ በታችም ያስጠይቃል።

አበልን «ትራንስፖርት» ማለት። ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች ወርክሾፕ አይጠፋም። ጋዜጠኛው ከተሳታፊዎች ጋር ይፈርማል፣ ይከፈለዋል፣ ዜናውም የመክፈቻ ንግግሩ ይሆናል። ገንዘቡ ውሸት አይገዛም፤ የሚገዛው የዜናውን መግቢያ ነው። ባለሥልጣኑ የመጀመሪያውን አንቀጽ ይይዛል፤ ከሻይ በኋላ የሚነሳው ከባድ ጥያቄ ሪፖርተሩ ስለሄደ የትም አይደርስም። ደመወዙ ትንሽ በሆነበት ሰው ላይ ብቻ መፍረድ ተገቢ አይመስለንም፣ ግማሹ ጥፋት የአለቃው ነው። የታክሲውን ቢሮው ይክፈል፤ አዘጋጁ ከከፈለ ግን ከዜናው ሥር ይገለጽ። አርታኢውም ከጥያቄና መልሱ ምንም የሌለበትን ዜና አይቀበል።

ሚዛንን በደቂቃ መለካት። ለአስተያየት እኩል ጊዜ መስጠት ልክ ነው፤ ሊጣራ ለሚችል ነገር ግን ስንፍና ነው። አንድ ሹም «ታቦር ክፍለ ከተማ ውሃ በየቀኑ ይደርሳል» ቢል፣ ነዋሪው ደግሞ «በሳምንት አንዴ» ቢል፣ ሁለቱን ደርድሮ መሄድ አድማጩን ባዶ እጁን ይሰደዋል። በተለያየ መንደር ያሉ 5 ቧንቧዎችን መርጦ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ መክፈት፣ ሰዓቱንም መመዝገብ። ሹሙን ለሁለተኛ ጊዜ ማነጋገር የሚያስፈልገው ያን ዝርዝር ይዞ ነው።