ቶርክ ፕሌት ሲታሰር የሚሠሩ ስህተቶች

ሲሊንደሩ ከሆኒንግ (ግድግዳው በድንጋይ ከሚሞረድበት የመጨረሻ ሥራ) ሲወጣ ልክ ነበር። ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሳ ግን ዘይት ይበላል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው ይባላል፣ ፒስተኑ ኮፒ ነው ይባላል። አንዳንዴ ግን ሁለቱም የሉበትም። ቴስታታው (ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነው ክፍል) በቶርክ፣ ማለትም በተወሰነለት የማጥበቂያ ልክ ሲጠብቅ ብሎኖቹ ብሎኩን ስለሚስቡት ክብ የነበረው ሲሊንደር ከላይ አካባቢ ይዛባል፣ ብዙ ጊዜም ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊሜትር። ትንሽ ይመስላል፣ በብዙ ሞተሮች በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ራሱ ግን እዚያው አካባቢ ነው። በቴስታታው ቦታ ቶርክ ፕሌት የሚባለው ወፍራም ብረት የሚታሰረውም ሲሊንደሩ ተወጥሮ እያለ እንዲሞረድ ነው።

ካላመናችሁ፣ ያለ ፕሌት ሆኒንግ ያለቀለት ብሎክ ላይ ፕሌት እሰሩና ድንጋዩን ሁለት ሦስቴ ብቻ አመላልሱት። በብሎኖቹ አቅጣጫ ግድግዳው ያብረቀርቃል፣ መሃል መሃሉን ድንጋዩ ሳይነካው ያልፋል። ፋሻውም እዚያ ቦታ በደንብ አይነካም ማለት ነው።

ትልቁ ስህተት ፕሌቱን እንዲሁ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው። ቴስታታው የሚጠብቅበት ቶርክ፣ ቅደም ተከተልና ቅባት ለፕሌቱም ያው መሆን አለበት። ደረቅ ጥርስ ላይ 100 ኒውተን ሜትርና ዘይት የተቀባ ጥርስ ላይ 100 ኒውተን ሜትር አንድ አይደሉም፤ የተቀባው በጣም አብልጦ ይስባል። እንደዛ ከሆነ ፕሌቱ የፈጠረው መዛባት ሌላ፣ ቴስታታው የሚፈጥረው ሌላ።

የብሎን ርዝመትም አለ። ፕሌቱ ከቴስታታው ከቀጠነና በዚያው ብሎን ካሰራችሁት ብሎኑ ጠልቆ ይገባል፣ ምናልባትም ታች ይነካል፤ ከወፈረ ደግሞ ጥቂት ጥርስ ብቻ ይይዛል። በሁለቱም የሚሳበው የብሎኩ ቦታ ይቀየራል። በካሊፐር ለክታችሁ ወደ ብሎኩ የሚገባውን እኩል አድርጉት። ደግሞ በዲግሪ የሚጠብቁ ብሎኖች ስለሚለጠጡ፣ ለመጨረሻው ገጠማ የተገዙትን አዲሶቹን ፕሌት ላይ አትጨርሷቸው።

ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ሳያስገቡ ማሰር የተለመደ ነው። ያው ዓይነት አሮጌ ይበቃል፣ ግን ይግባ። የኮሎው (የክራንክሻፍቱ) መያዣ ካፖችም በቶርካቸው ይታሰሩ።

ቦሪንጉን (ከሆኒንግ በፊት ሲሊንደሩን የማስፋቱን ሥራ) ያለ ፕሌት መሥራት ችግር የለውም። ችግሩ ቦሪንጉ ሁሉንም በልቶ ለሆኒንግ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ነው። 0.08 ሚሊሜትር አካባቢ ይተውለት።

በጣም የሚያናድደው ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ነው። ፕሌቱ ይፈታል፣ ዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ የስፋት መለኪያ) ይገባል፣ መርፌው ወዲህ ወዲያ ይላል። ሰው ይደነግጣል፤ «ተበላሽቷል» ብሎ ያለ ፕሌት እንደገና ይሞርደዋል፣ የተለፋበት ሁሉ ገደል ገባ። ሲፈታ መዛባቱ ልክ ነው፣ ሲታሰር ይስተካከላል። ልኬቱ፣ የፋሻው አፍ ክፍተት ጭምር፣ ፕሌቱ እንደታሰረና ብሎኩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይወሰድ።

ለሼቭሮሌት ስሞል ብሎክ ሞተር የተሠራ ፕሌት አሜሪካ እንደ ልብ ይገዛል። የላንድክሩዘሩን ዋን ኤች ዜድ ሞተር ለመሳሰሉት ግን እዚህ ፍሬዛ (ብረት መቁረጫ ማሽን) ላይ ማሠራት ሊያስፈልግ ይችላል። የሌላ ሞተር ፕሌት በስቶ ማመሳሰል አያዋጣም፣ የብሎኑ ቦታ ነው ሁሉ ነገሩ። ብሎኩን ወደ ቶርኖ ቤት ስትልኩ የቴስታታውን ብሎኖች፣ አሮጌውን ጓርኒሲዮንና የቶርኩን ቁጥር አብራችሁ ላኩ።