«አስትሮይድ ወደ ምድር እየገሰገሰ ነው» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ እንዴት ታጣራላችሁ?

በመጀመሪያ የአስትሮይዱን (በፀሐይ ዙሪያ የሚዞረውን የጠፈር ድንጋይ) መለያ ፈልጉ። ለምሳሌ «2024 ዋይአር4» ሲባል የፊተኛው ቁጥር የተገኘበት ዓመት (እ.ኤ.አ.) ነው፤ «ዋይ» ደግሞ የታኅሣሥ (እንደ አውሮፓውያን ዲሴምበር) ሁለተኛ አጋማሽ ማለት ነው። ዜናው መለያ ካልጠቀሰ አትድከሙ፤ የሚጣራ ነገር የለውም።

መለያውን ይዛችሁ የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ በነፃ የሚያወጣውን የቅርብ ማለፊያዎች ሰንጠረዥ ክፈቱ። ርቀቱን በጨረቃ ርቀት፣ ማለትም በ384,400 ኪ.ሜ፣ ማካፈል ይጠቅማል። አንዳንዱ ዜና ከምድር መሃል፣ ሌላው ከምድር ገጽ ይለካል። አፖፊስ የተባለው አስትሮይድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2029 ሲያልፍ አንዱ 38 ሺህ፣ ሌላው 32 ሺህ ኪ.ሜ የሚለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

መጠኑን በጥርጣሬ አንብቡ። አብዛኞቹ አስትሮይዶች በቀጥታ አልተለኩም፤ ስፋታቸው የሚገመተው ከድምቀታቸው ነው። ፍፁም ድምቀቱ (ከተወሰነ ርቀት ቢታይ የሚኖረው ድምቀት፤ ቁጥሩ ሲያንስ አካሉ ይበልጥ የደመቀ ነው) 22 የሆነ አካል ገጹ ከብርሃን 25 በመቶ የሚያንጸባርቅ ከሆነ 106 ሜትር ገደማ፣ 5 በመቶ ብቻ ከሆነ 237 ሜትር ገደማ ይሆናል። ርዕስ ጸሐፊዎች የሚመርጡት የትኛውን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

«አደገኛ ሊሆን የሚችል» የሚለው ስያሜም አያስደንግጣችሁ። ድምቀቱ 22 ወይም ከዚያ የደመቀ ሆኖ ምሕዋሩ ወደ ምድር ምሕዋር እስከ 7.5 ሚሊዮን ኪ.ሜ ከቀረበ ስያሜው ይሰጠዋል። ይጋጫል ማለት አይደለም።

የግጭት ዕድል የሚታየው «ሴንትሪ» በተባለው የናሳ ዝርዝር ነው። እዚያ ከሌለ ጉዳዩ አለቀ። ካለ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዕድሉ ከቀን ወደ ቀን ሲጨምር ድንጋዩ እየተጠጋን ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ጥቂት ምልከታ ብቻ ሲኖር አስትሮይዱ በምድር አቅራቢያ ሊያልፍባቸው የሚችሉ ነጥቦች ረጅም መስመር ይሠራሉ። መስመሩ 1 ሚሊዮን ኪ.ሜ ቢሆንና የምድር ስፋት 12,742 ኪ.ሜ በውስጡ ቢያርፍ ዕድሉ በግርድፉ 1.3 በመቶ ነው። አዲስ ምልከታ መስመሩን ወደ 400,000 ሲያሳጥረው፣ ምድር አሁንም ውስጡ ካለች፣ ዕድሉ 3.2 በመቶ ይሆናል። የድንጋዩ መንገድ አልተለወጠም፤ የጠበበው የእኛ አለማወቅ ነው። ቀጥሎ መስመሩ ትንሽ አጥሮ ምድርን ከጫፉ ውጪ ሲያስቀራት ዕድሉ በአንዴ ይወድቃል።

2024 ዋይአር4 ያለፈበት መንገድ ይኸው ነው። በ2032 ምድርን የመምታት ዕድሉ በፌብሩዋሪ 2025 እስከ 3.1 በመቶ ወጥቶ፣ ወሩ ሳያልቅ ከ0.01 በመቶ በታች ወረደ። ስለዚህ መቶኛውን ብቻውን አትውሰዱ፤ አደጋውን ከ0 እስከ 10 የሚመዝነውን የቶሪኖ ስኬልና አካሉ ለስንት ቀን እንደታየ አብራችሁ ተመልከቱ። የጥቂት ቀን ምልከታ ገና ያልበሰለ ስሌት ነው።

ሰንጠረዡ የሚያመልጠው ነገርም አለ፦ ከፀሐይ አቅጣጫ የሚመጣ ትንሽ ድንጋይ። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳው 20 ሜትር ገደማ ነበር፤ ቀድሞ ያየው የለም። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው የተጎዳ ሲሆን ብዙውን ያቆሰለው የመስኮት መስታወት ነው። ብርሃኑ ቀድሞ፣ የአየር ግፊቱ ከደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። ሰማዩ በድንገት ቦግ ካለ ለማየት ወደ መስኮት አትሂዱ፤ ከመስታወት ርቃችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ።