አፈሩ እርጥብ፣ አበባው ጠውላጋ፦ የበረንዳ አበባ ችግርና መፍትሄ

የተጻፈው ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ከተሞች በረንዳ ነው። ፀሐይ ያገኛል ወይ፣ ውሃ ጠጥቷል ወይ የሚለው ተጣርቷል ብለን ነው የምንጀምረው። ለአዳማ ወይም ለድሬዳዋ ሙቀት የውሃው ልክ ሌላ ነው።

ምልክት፦ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉ ግን ጠውልጓል፤ የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፋል

ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ጄራኒየሙ ጠዋት ደህና ይመስላል፤ ቀትር ላይ ይዝላል። ባለቤቱ ጠምቶት ነው ብሎ አንድ ጆግ ይጨምርለታል። በማግስቱ ይብስበታል፣ ሌላ ጆግ ይከተላል። ብዙም ሳይቆይ ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ይለሰልሳል። ሥር ውሃ የሚስበው አየር ሲያገኝ ነው። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ውሃ ከያዘው ሥሩ ታፍኖ ይሞታል፤ የሞተ ሥር ደግሞ ውሃ አይስብምና ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል።

ለማረጋገጥ ሳክሲያውን አጋድማችሁ ተክሉን ከነአፈሩ አውጡት፣ አሽትቱት። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ሳብ ሲያደርጉት ይጠነክራል። የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ ያሟልጫል፣ መጥፎ ሽታ አለው፤ በጣት ሲይዙት ልጡ ተገፎ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ምክንያቱ ከሚከተሉት አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቱ ተደርበው ይገኛሉ።

መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ። ብዙው ባለቀለም የፕላስቲክ ሳክሲያ ከሥሩ የቀዳዳ ምልክት ብቻ አለው፤ መክፈቱ ለገዢ የተተወ ነው። ሻጩ አይናገርም፣ ገዢው አይገለብጥም። እንዲህ ያለ ሳክሲያ ሲገለበጥ የታችኛው ሲሶ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። የባሰው ግን ሆን ተብሎ የተደፈነው ነው። ውሃው ታች ፎቅ በተሰጣ ልብስ ላይ ተንጠባጥቦ ጠብ ተነስቶ፣ ቀዳዳው በማስቲሽ፣ በፌስታል፣ አልፎ አልፎም በሲሚንቶ ተደፍኖ ይገኛል። ለጎረቤት ሰላም ተብሎ አበባ መግደል አያስፈልግም። ቀዳዳውን ክፈቱ፣ ከሥር ሳህን አድርጉ፣ ሳክሲያውን ሳህኑ ውስጥ በሦስት ቆርኪ ወይም ጠጠር ላይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ካጠጣችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተጠራቀመውን ድፉት። ሳህኑ ውሃ እንደያዘ የሚያድር ከሆነ ቀዳዳውን መክፈታችሁ ምንም አልጠቀመም።

30 ሳንቲ ሜትር አፍ ላለው ሳክሲያ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ አምስት ቀዳዳዎች ይበቃሉ። የቀለም ባልዲም ከሆነ እንደዚሁ፤ ቀለሙ ግን ተፍቆና ታጥቦ ማለቅ አለበት። ሸክላና ሴራሚክ የሚበሳው በሴራሚክ ፑንታ ነው፤ የትራፓኖውን የመዶሻ ምት አጥፍታችሁ በዝግታ ብሱ። ፑንታው እንዳይግል ቦታው ላይ ውሃ ጠብ ታደርጉ ይሆናል፤ ያኔ በባትሪ በሚሠራ ትራፓኖ ብቻ። ሶኬት ላይ የተሰካ ትራፓኖና ውሃ አንድ ላይ አይሄዱም።

ቀጥሎ አፈሩን እዩ። ከግንባታ ቦታ በነፃ የተዛቀ ጥቁር አፈር ለሳክሲያ አይሆንም። «ለም ነው» ይባላል፤ ጤፍ ለሚዘራበት ማሳ እውነት ነው። ሳክሲያ ውስጥ ግን ሲረጥብ አብጦ አየር ይዘጋል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ከሳክሲያው ግድግዳ ይላቀቃል። ያኔ የምታጠጡት ውሃ በጎን ሮጦ በቀዳዳው ይወጣል፣ መሐሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። በዚያው ሳክሲያ ውስጥ የበሰበሰና የደረቀ ሥር አብሮ የሚገኘው ለዚህ ነው።

የሚሠራው ቅልቅል ይሄ ነው፦ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ ደቃቅ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)። ሬድ አሽ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ጋ ይገኛል፤ ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ጠጠር ለዩና ዱቄቱን በወንፊት አውጡት፤ ዱቄቱ ካልወጣ ክፍተቱን መልሶ ይደፍነዋል። ብስባሹ የአፈር እንጂ የበረት ሽታ ሊኖረው አይገባም። ከሸተተ ወይም እጅ ሲገባበት ከሞቀ አልበሰለም፤ ሥር ያቃጥላል።

ከሥር የሚነጠፈው ጠጠር ደግሞ የማይሞት ልማድ ነው። «ውሃ እንዲወርድ» ተብሎ አራት ጣት ጠጠር ይደረጋል። ውሃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ይዞ ያቆየዋል። ጠጠሩ ያደረገው ነገር ቢኖር ጭቃውን ወደ ሥሩ ማስጠጋት ብቻ ነው። አፈር እንዳይፈስ ቀዳዳው ላይ ቁራጭ አሮጌ አጎበር አንጥፉ፣ በቃ።

የመጨረሻው የውሃ ፈረቃ ነው። ውሃ በመጣ ቀን በርሜሉ ይሞላል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ አበባውም ጠማውም አልጠማውም ይጠጣል። ማጠጣት በክብደት ይሁን። ሳክሲያውን ጎኑን ይዛችሁ ከፍ አድርጉ፤ ቀለል ሲልና ላዩ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲደርቅ አጠጡ። ስታጠጡ ከሥር እስኪወጣ አጠጡ፣ ከዚያ እስኪቀል ተዉት። በየቀኑ አንድ ኩባያ ላዩን ማርጠብ ሥሩ ወደ ታች እንዳይወርድ ያደርገዋል፤ አፈሩ ላይ የምትበረውን ትንሽ ጥቁር ዝንብም የሚያራባው እሱ ነው። ክረምት ላይ ዝናብ የሚመታው ሳክሲያ ለሳምንታት ምንም ላይፈልግ ይችላል።

ለማዳን፦ ከሥሩ ግማሹ ነጭ ከሆነ ይድናል። የበሰበሰውን በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቁረጡ። ከላይም የቅርንጫፉን ሲሶ ቀንሱ፤ የቀረው ሥር ያን ሁሉ ቅጠል ሊያጠጣ አይችልም። ከሥሩ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ በሚሰፋ ሳክሲያ በአዲስ ቅልቅል ትከሉ። «ይፈካለት» ብላችሁ ትልቅ ሳክሲያ ውስጥ አትክተቱት፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር እርጥበት ይዞ ይቆይና በሽታው ይመለሳል። አንድ ጊዜ አጠጥታችሁ አሥር ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት። ለአራት ሳምንት ማዳበሪያ የለም፤ ቁስለኛ ሥር ላይ ማዳበሪያ መድፋት መጨረስ ነው። አሮጌውን አፈር ለሌላ አበባ አታውርሱ።

ግንዱ ከሥሩ ከጠቆረ አትድከሙ። ጄራኒየም ከሆነ ከጤነኛው ጫፍ አሥር ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ የታችኛውን ቅጠል አንሱ፤ ቁስሉ ደረቅ እንዲል አንድ ሌሊት አሳድሩና ግማሽ በግማሽ በሆነ ሬድ አሽና ብስባሽ ላይ ትከሉ። በሦስት በአራት ሳምንት ሥር ይሰዳል።

ምልክት፦ ቅጠሉ ለምለም ነው፣ አበባ ግን የለም

ብዙ ጊዜ ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ነው። ገጠር ካለ ዘመድ የመጣ አንድ ፌስታል ዩሪያ የስንት በረንዳ አበባ አስቀርቷል። 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ቅጠል ብቻ ያበዛል፤ ቁንጥሩ ከበዛ ጭራሽ የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥላል። ኤን ፒ ኤስም (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ቢሆን ለማሳ የተሠራ ነው፤ ፖታሲየም የለውም። ዩሪያውን አቁሙ፣ ከሳክሲያው መጠን ሦስት እጥፍ በሚሆን ውሃ አፈሩን እጠቡ፣ ከዚያ በየሁለት ወሩ ሁለት እፍኝ የበሰለ ብስባሽ ላዩ ላይ አድርጉ። የደረቀ አበባ ዘር ሳይቋጥር ከነአገዳው ይቀንጠስ። ፔቱኒያ ረዝሞ ከተንዘረፈፈ ግማሹን ቁረጡት፤ አትዘኑለት። ቡጌንቪላ ደግሞ ደረቅ ሲል ነው የሚያብበው፣ ውሃውን ቀንሱለት።

ካላንቾ አንዴ አብቦ ሁለተኛ እምቢ ካለ የበረንዳውን አምፖል ጠርጥሩ። እምቡጥ የሚይዘው ረጅም ያልተቋረጠ ጨለማ ሲያገኝ ነው። ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ካርቶን ድፉበት። አንድ ቀን ረስቶ ሁለት ቀን መድፋት አይሠራም።

ምልክት፦ የደረቀ ወይም የነጣ ቅጠል

በፀሐይ በኩል ብቻ የነጣና የደረቀ ከሆነ ቃጠሎ ነው። ችግኝ ማፍያ ውስጥ በጥላ መረብ ሥር ያደገ ቤጎንያ በማግስቱ ምዕራብ በሚያይ በረንዳ፣ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ የጥር ፀሐይ ተደቅኗል። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ አንድ ሰዓት እየጨመራችሁ በአሥር ቀን አላምዱት። ቤጎንያና ፉሽያ ምዕራብ በሚያይ በረንዳ ላይ ባይቀመጡ ይሻላል፤ እዚያ ጄራኒየምና ቡጌንቪላ ይቋቋማሉ። ምሥራቅ የሚያየው በረንዳ በክረምትም ይሻላል፣ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ብርሃን ያገኛል። ወደ ደቡብ የሚያየው በበጋ ፀሐይ ይገባዋል። ወደ ሰሜን የሚያየው ፀሐይዋ ወደ ሰሜን በምታዘነብልበት ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው በደንብ የሚያገኘው፤ እሱንም ደመናው ይቀማዋል።

ነጠብጣቡ ላይኛው ቅጠል ላይ ብቻ ተበትኖ ከነጣ ወደ ላይ ቀና በሉ። የላይኛው ፎቅ ልብስ በረኪና እያንጠባጠበ ነው። ወዲያው በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ሳክሲያውን ወደ ውስጥ ሳቡ። በሸክላ ሳክሲያ ውጪ ላይ የሚወጣው ነጭ ቅርፊት ግን ሌላ ነው፤ የውሃና የማዳበሪያ ጨው ነው፣ አፈሩ ይታጠብ።

ነፍሳት

አዲስ ቀንበጥ ላይ የታጨቀው ክሽክሽ ነው፤ ሲነኩት ብር የሚለው ነጭ ዝንብ። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምራችሁ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ሥር እርጩ፣ በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ስም በሌለው ጠርሙስ የሚሸጥ የማሳ ፀረ ተባይ በረንዳ ላይ አይረጭም፤ ልጆች አሉ፣ ልብስ ተሰጥቷል፣ የጎረቤት መስኮት ክፍት ነው። የበጋ ስስ ድርና የደበዘዘ ቅጠል ቀይ ሸረሪት ነው፣ የቅጠሉን ሥር በውሃ ግፊት እጠቡ። የጽጌረዳ ቅጠል ላይ ጥቁር ክብ ነጥብ ከታየ ቅጠሉን ለቅማችሁ ጣሉ፣ ስታጠጡም አፈሩን ብቻ።

የበረንዳው ሐዲድ (መደገፊያው ብረት) ላይ የሚንጠለጠል ሳክሲያ

20 ሊትር የሚይዝ ሳክሲያ ሲርስ ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በቀጭን ሽቦ መንጠቆ የሚሸጡት የሐዲድ ማንጠልጠያዎች ይህን አይሸከሙም፤ ሽቦው በዝናብ ይዝጋል፣ በየካቲት ነፋስ ይወዛወዛል። ሐዲዱ ላይ ከ5 ሊትር በላይ አታንጠልጥሉ፣ ወደ ውስጥ በኩል ይሁን፣ ከመንጠቆው ሌላ በሁለት ቦታ በጋልቫናይዝድ ሽቦ ይታሰር። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ፣ ሽቦውን በእጃችሁ ጎትታችሁ ፈትሹ፤ ዝገት የነካውን ቀይሩ።