ለአዲስ ዋና ከተማ ቦታ ስትመርጡ ከውሃው ጀምሩ

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን በሐሩር ክልል ላለች አገር አዲስ ዋና ከተማ የሚቆረቆርበትን ቦታ ምረጡ ስላቸው፣ አብዛኞቹ ሮጠው ተራራ ላይ ይሰቅሉታል።

አይፈረድባቸውም። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይወርዳል፣ ወባም እየሳሳ ይሄዳል። ግን ከፍ ባላችሁ ቁጥር ወንዙ ይቀጥናል።

የብራዚልን ዋና ከተማ ብራዚሊያን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1955 ቤልቸር የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በአየር ፎቶ አጥንቶ አምስት ቦታ አቀረበ። ለእያንዳንዱ የቀለም ስም ሰጠው፤ ያሸነፈው ቡናማው ነው። ከ1000 ሜትር በላይ የሆነ ነፋሻ አምባ ነው፣ ግን ውሃው ለሦስት ትልልቅ ተፋሰሶች የሚለያይበት አካባቢ ላይ ተቀምጧል። እዚያ ወንዙ ገና ጅረት ነው። የፓራኖአን ሐይቅ ገድበው ሠሩ፤ ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተማው ውሃ በፈረቃ ገባ። (ፈረቃን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።)

የእኛው እንጦጦም ሸንተረር ነው፤ አንድ ጎኑ ወደ አዋሽ፣ ሌላው ወደ ዓባይ ያፈሳል። ለምሽግ ግሩም፣ ለከተማ ግን ብርድ፣ የውሃና የማገዶ ችግር። በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውሃ ተወረደ።

እንግዲህ 1:50,000 ካርታ ዘርጉ። ጅረቶቹን በሰማያዊ እርሳስ ተከተሉ፣ ከመረጣችሁት ቦታ በላይ ያለውን ተዳፋት ክበቡ። ለከተማው ውሃ የሚያቀብለው እሱ ነው። ከጠበበ አንድ እርከን ውረዱ። እ.ኤ.አ. በ1976 ናይጄሪያ ከሌጎስ ለመውጣት ስትወስን እንዲህ ያለ ቦታ አገኘች፦ አቡጃ በክልሏ ደቡብ ምዕራብ ያለው ሞቃት ቆላ ላይ አላረፈችም፣ ተራራ ጫፍም አልወጣችም። በአሶ ኮረብታ ግርጌ ሜዳ ላይ ተዘረጋች፣ ውሃዋንም ከኡሱማ ግድብ ታገኛለች።

ቀጥሎ ጅረቱ ዘንድ ሂዱ፣ ያውም በበጋው ማብቂያ። የዓመቱ ዝናብ ድምር አያታልላችሁ፤ ከተማ የሚጠማው በዚያ ወር ነው። የብርቱካን ልጣጭ ውሃው ላይ ጣሉና 10 ሜትር ለመሄድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በስልካችሁ ያዙ። ፍጥነቱን በጅረቱ ስፋትና በአማካይ ጥልቀቱ አባዙ። ላይ ላዩ ከታቹ ስለሚፈጥን ከውጤቱ አንድ አምስተኛ ቀንሱ። በሰከንድ የሚፈሰው ውሃ ያ ነው፤ ለሕዝቡ ቁጥር አካፍሉት። አንዳንዴ ዕቅዱ እዚሁ ያልቃል።

አፈሩን ለማየት ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። መሬቱ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ከተሰነጠቀ መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጥና ግድግዳ ይሰነጥቃል። መናፈሻ ይሁን እንጂ የሚኒስቴር ሕንፃ አትትከሉበት።

በክረምት ደግሞ ተመለሱና ገበሬዎቹን ደራሽ ውሃ እስከየት እንደሚወጣ ጠይቁ። እስከ የትኛው ዛፍ እንደደረሰ እጃቸውን ዘርግተው ያሳያሉ። ያንን ከፍታ በቀይ አስምሩ፤ ቤተ መንግሥቱንም ገበያውንም ከቀዩ በላይ አድርጉ።